ባለ ሦስት ቀዳዳው ስታብላይዘር

ሽባባው መኪና የገዛው ፈረስ መጋለብ ባቆመ በሳምንቱ ነው። ያስቆመው ጉልበቱ ነው እንጂ ልቡማ አሁንም ኮርቻ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ይሄነው እንደሚለው ሽባባው ከፈረስ የወረደው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። የገዛት አሮጌ ላንድክሩዘር ቀለሟ ዝገት ይሁን ቀለም የማይለይ ቀይ ስለነበር «ዳማው» ብሎ የፈረስ ስም አወጣላት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው መኪናዋን በሴት አንቀጽ ጠርቷት አያውቅም። ጠዋት ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ኮፈኑን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ሞተሩ አልነሳ ሲል «አንተ ከይሲ!» ይለዋል። ዳገት ሲጨርስ አንገቱን ማሻሸት ያምረዋል፤ ግን መኪና አንገት የለውም።

ዳማው አንድ ጠባይ ነበረበት፤ ይወዛወዛል። ኩርባ ላይ መሪውን ሲጠመዝዙት ሊተኛ እንደፈለገ በሬ ወደ ጎኑ ያጋድላል፤ ሲመልሱት ወደ ሌላው። ሽባባው ከጥርባ እንጅባራ ድንች ስለሚያመላልስበት ነገሩ አላስጨነቀውም። ድንች አያጥወለውለውም። ሰው ግን ድንች አይደለም፤ በተለይ እትዬ ውቢት።

እትዬ ውቢት የዳንግላ ሰው ናቸው፤ የሽባባው ልጅ የሀይማኖት አማት። አምና ለመልሱ ከዳንግላ ጥርባ ድረስ ያመጣቸው ሽባባው ራሱ ነበር። እንጅባራ እስኪደርሱ አራት ጊዜ አስቆሙት። ጥርጊያው ላይ ከወጡ በኋላ የቆጠረ የለም። ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሰው የመጡት ሙሽራዋን ሊመርቁ ነበር፤ ሙሽራዋ ናት አጥባ ያሰጣችላቸው። ሲመለሱ እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከአስፋልቱ በሚኒባስ ሄዱ፤ በቅሎዋ ላይ ሆነውም በሰው ፊት ማሉ። «ከእንግዲህ እዚያ ነገር ውስጥ ብገባ፣ ሬሳዬ ነው የሚገባ!»

አንድ ሰው መኪናህ ያስታውካል ቢልህ ትስቃለህ። የልጅህ አማት በቅሎ ተከራይታ ከደጅህ ስትወጣ አገር ያየ እንደሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያውም ፈረሰኛ ከሆንክ።

ይህ ሁሉ በተረሳ ነበር፤ ሀይማኖት ባትወልድ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ጥርባ መጣች፤ ወንድ ወለደች። አርባ ቀኑ እሑድ ላይ ዋለ። ሽባባው ጠላ አስጠመቀ፣ ሙክት አሰረ፣ የፈረሰኞች ማኅበሩን ሙሉውን ጠራ። በዚህ መካከል ከዳንግላ መልእክት መጣ። እትዬ ውቢት እንዲህ ብለዋል፦ እኔ ወደዚያ አልመጣም፤ ልጁ ይምጣና እዚሁ በእኛ ደብር ይጠመቅ።

ሽባባው ይህን ሲሰማ ተቀመጠ፤ ተነሳ፤ እንደገና ተቀመጠ።

«አርሼ፣ ዘርቼ፣ አርሜ፣ ነዶውን ለዳንግላ? የልጅ ልጄ በተወለደበት ካልተጠመቀ እኔ ለማኅበሩ ምን ብዬ እነግራለሁ?»

«እኔ ልሂድና ላናግራቸው» አለ ይሄነው። ይሄነው በእናቱ በኩል ከእትዬ ውቢት ጋር ይዛመዳል፤ ሽምግልናም ይወዳል። ሰው ባይጣላ ኖሮ በምን ሥራ ይኖር እንደነበር አይታወቅም።

ዳንግላ ሄዶ ውሉን ይዞ መጣ። ከደጃቸው ተነሥተው እስከ ሽባባው ደጅ ሳያስመልሳቸው ከደረሱ ልጁ ጥርባ ይጠመቃል። መንገድ ላይ ካስመለሳቸው፣ ወይም አንድ እግራቸው መሬት ከነካ፣ ክርስትናው ዳንግላ ነው። ዳኛው ራሱ ይሄነው ነው፤ አብሮ ይሄዳል።

ሽባባው በማግስቱ ይሄነውን ጭኖ ዳማውን እየነዳ እንጅባራ ስሜነሽ ጋራዥ ገባ።

ስሜነሽ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያ ሰው ወደ ጋራዧ የሚመጣው ቱታ የለበሰች ሴት አይቶ ሊስቅ ነበር፤ አሁን የሚመጣው ሌሎቹ ያበላሹትን ሊያሠራ ነው። ከዳማው ሥር ገብታ ትንሽ ቆየችና ጭንቅላቷን አወጣች።

«ጋሼ ሽባባው፣ ስታብላይዘር የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«የለውማ። ቦታው አለ፣ ብረቱ የለም። የድሮው ባለቤት የበረት መዝጊያ አድርጎት ይሆናል።»

ከዚያ ከመደርደሪያዋ ረጅም፣ ሁለት ጫፉ የታጠፈ ብረት አወረደች። ተራራ ለሚወጡ መኪናዎች የሚሆን፣ እንደ መንገዱ የሚስተካከል ነው፤ በየጫፉ ሦስት ሦስት ቀዳዳ አለው። ገጥማ ስትጨርስ ሽባባውን አጎንብሶ እንዲያይ አደረገችው።

«ይሄ ብረት የግራውንና የቀኙን ጎማ ያጋባቸዋል። አንዱ ልውደቅ ሲል ሌላው ይይዘዋል፤ መኪናው አያጋድልም። አስፋልት ላይ ደግ ጋብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ግን ጎማ ሁሉ የየራሱን ጉድጓድ መርገጥ አለበት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ካልወረደ መኪናው ይንገላታል። ስለዚህ ይቺ የውስጠኛዋ ቀዳዳ ጠንካራዋ ናት፤ ለአስፋልት። ይቺ የጫፏ ለስላሳዋ፤ ለጥርጊያ። አስፋልቱ ሲያልቅ ይቆማሉ፣ በግራም በቀኝም ቡሎኑን አውጥተው ወደ ጫፏ ያዛውራሉ። አሥር ደቂቃ ነው። ደግሞ ከዚህ በላይ አያጥብቁት፤ እኔ ያጠበቅኩት ይበቃዋል። ሰሙኝ?»

ሽባባው ራሱን ነቀነቀ። ፈረስም ዝንብ ሲያርፍበት ራሱን ይነቀንቃል።

እሱ ያየው ሌላ ነገር ነበር። ግራና ቀኝ የሚይዝ፣ ከሆድ ሥር የሚያልፍ፣ በጫፉ ቀዳዳ ያለው፣ የሚጠብቅ የሚላላ፤ ይሄማ የኮርቻ ጠፍር ነው! ጠፍርን ደግሞ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ለሽባባው ልታስተምረው ነው? ፈረስ ጠፍር ሲታሰርለት ትንፋሹን ይዞ ሆዱን እንደሚነፋ የማያውቅ የአገው ልጅ የለም። ታስራለህ፣ ሃያ እርምጃ ታስኬደዋለህ፣ ሲተነፍስ እንደገና ታጠብቃለህ። ይህን ያላደረገ ኮርቻውን ታቅፎ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ከጋራዡ ወጥቶ ገና የመጀመሪያው አደባባይ ጋ ሳይደርስ ቆመና፣ ከሥሩ ገብቶ በቁልፍ አጠበቀው። ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላ ከመግባቱ በፊት እንደገና አጠበቀው። አዲስ ቅዳም ላይ፣ ሲመለሱ፣ ለእትዬ ውቢት «አንድ ጊዜ ላየው» ብሎ የቁልፉ እጀታ ላይ የውኃ ቧንቧ ሰክቶ በሁለት እጁ ተጫነው። ብረቱ ጮኸ።

«አየህ» አለው ለይሄነው ላቡን እየጠረገ። «ሆዱን ነፍቶ ነበር።»

እውነቱን መናገር ካስፈለገ አስፋልቱ ላይ ዳማው ሌላ መኪና ሆነ። እትዬ ውቢት ጋቢናውን ይዘዋል፤ ፌስታላቸውን አፉን ከፍተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የተነሱት። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ፤ ዳማው ቀጥ ብሎ አለፈው። ሁለተኛው መጣ። እትዬ ውቢት አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። አዲስ ቅዳምን ሲያልፉ ሁለቱንም ከፍተው የሰው ቤት ቆርቆሮ ይተቹ ጀመር። እንጅባራ ሲደርሱ ፌስታሉን አራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከኋላ የተቀመጠው ይሄነው ይህንን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለመዝገብ ያህል።

«ምን አደረጉት ይህን መኪና?» አሉ እትዬ ውቢት።

«ታጠቀ» አለ ሽባባው። በዚያች ሰዓት ደረቱ ከመሪው ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

የዘንገናን መገንጠያ አልፈው አስፋልቱን ሲለቁ ዳማውን አቆመ። ይሄነው ከኋላ አንገቱን አስግጎ «ልጅቷ እዚህ ላይ አላላው አላለችህም?» አለው።

«ይሄነው፣ አንተ ስትጋልብ ኖረህ ታውቃለህ?»

«እኔ በበቅሎ…»

«በቃ። ገደል ፊት ደርሶ ጠፍር የሚያላላ ፈረሰኛ አይተሃል? ሜዳ ላይ ነው የሚላላው! አስቸጋሪው ሲመጣ ይጠበቃል!»

«መኪና እኮ ነው።»

«አራት እግር የለውም?»

ሽባባው ከሥር ገባና፣ ስሜነሽ አላላው ያለችውን ቡሎን በሁለቱም በኩል አንዳንድ ዙር ጨመረለት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ የግራው ጎማ ወጣ። የቀኙም የተጋባ ነውና አብሬ ካልወጣሁ አለ። ዳማው ዘለለ። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ የቀኙ ወጣ፤ የግራው ተከተለ። ሦስቱም ራሶች ባንድ ላይ ወደ ግራ፣ ባንድ ላይ ወደ ቀኝ ተወረወሩ፤ ወረብ ላይ የቆሙ መሪጌቶች ይመስሉ ነበር፤ የጎደለው ጸናጽል ብቻ ነው። የእትዬ ውቢት ነጠላ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ፌስታሉም ከቦርሳ ወጣ።

«ደረስን፣ ደረስን» ይላል ሽባባው።

«የት? ሰማይ ቤት?»

ከጎርፍ መውረጃው ላይ ሲደርሱ ነገሩ አለቀ። የፊቱ ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ የቀኙ ጉድጓዱን መርገጥ ሲገባው ሳይወርድ ቀረ፤ ከኋላ ደግሞ አንዱ ጎማ አፈር ይዝቃል። ዳማው ቆመ። የፊት ቀኝ እግሩን አንሥቶ፣ አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰኮናውን ሊያሳይ እንደቀረበ ፈረስ ቀጥ አለ። የሽባባው አጥር ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ይታያል።

እትዬ ውቢት በሩን ከፈቱ።

ሽባባው በዚያ ጉልበቱ እንዴት እንደዞረ እግዜር ይወቅ፤ በሩ ላይ ደረሰ። «እትዬ ውቢት! በማርያም! እግርዎን!»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«መሬት እንዳይነካብኝ!»

የእትዬ ውቢት ጫማ አየር ላይ ቀርቷል። ይሄነው ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ በጫማውና በመሬቱ መካከል እጁን አስገብቶ ለካ።

«አልነካም። ስንዝር ከአራት ጣት ይቀረዋል።»

እትዬ ውቢት ወደ ጥርባ አዩ፤ ወደ ዳንግላ አዩ። በማርያም ተለምነዋልና እግራቸውን መለሱት።

«ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ እወርዳለሁ፤ ልጁም ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ይነሣል። ለመሆኑ ይህን ያደረገን ማን ነው?»

«መካኒኳ ናት» አለ ሽባባው፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። «ልጅ ናት… ገና አልበሰለችም።»

ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ሊያላላ ሞከረ። ቡሎኑ ንቅንቅ አላለም። ቧንቧውን ሰካ፤ የታጠፈው ቧንቧው ነው። ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ስልኩን አውጥቶ ስሜነሽ ጋ ደወለ።

«በየትኛው ቀዳዳ ላይ ነው ያለው?» አለችው።

«ኧ… ኔትወርኩ ይቆራረጣል…»

«ኔትወርኩ ደህና ነው ጋሼ። የሚቆራረጡት እርስዎ ነዎት። መጣሁ።»

ባጃጅ እስከቻለ ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ ቁልፍ የሞላ ጆንያና ክሪክ ተሸክማ በእግሯ እስክትመጣ፣ መንደሩ ግማሹ ተሰብስቧል። ለነገው የክርስትና ሰልፍ ፈረሶቻቸውን ሲያፍታቱ የነበሩ የማኅበሩ ሰዎችም ከነኮርቻቸው መጡ፤ ፊት ፊት ሰብሳቢው መሳፍንት። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ሲንሾካሾኩ ሽባባው እያንዳንዷን ቃል ይሰማል፤ ባይሰማ ይወድ ነበር።

«ሽባባው፣ ፈረስህ እግሩን ምን ሆኖ ነው የሰጠ?» አለ መሳፍንት።

«ተወኝ።»

«ጫማ ሊያስገጥም ይሆናል።»

ስሜነሽ ስትደርስ እትዬ ውቢት ከላይ፣ ከጋቢናው ሆነው ተቀበሏት። «አንቺ ነሽ ነፍሰ ገዳይዋ? እኔን በወጣሁበት ልታስቀሪኝ?»

ስሜነሽ ጆንያዋን አስቀምጣ ከሥር ገባች። ተመልሳ ስትወጣ ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ የባሰ ነገር ነበር፤ ፈገግ ብላለች።

«ጋሼ ሽባባው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ይህን ብረት እዚህ ያደረሰው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? እውነቱን እዚሁ ሰው ፊት ካልነገሩኝ ጆንያዬን ይዤ ባጃጄ ጋ እመለሳለሁ። እኔ በሌላ ሰው ቡሎን ስሜ አይጠፋም።»

ሽባባው ወደ መሳፍንት አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ፊት ከኮርቻ ወድቆ አያውቅም። ወደ አጥሩ አየ፤ ከአጥሩ ወዲያ አርባ ቀን ሊሞላው አንድ ቀን የቀረው ልጅ ተኝቷል።

«እኔ ነኝ» አለ። «አላላው ብላኝ ነበር፤ አጠበቅኩት። ሦስት ጊዜ።»

«አራት» አለ ይሄነው። ዳኛ ነው፤ ምን ያድርግ።

«አራት ጊዜ።»

«ለምን?» አለች ስሜነሽ።

«ሆዱን ይነፋላ!» ብሎ ጮኸ ሽባባው። «ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል!»

ስሜነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ፈረሰኞቹ ግን አልሳቁም፤ እንዲያውም አንዱ ወደ ሌላው እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አለ መሳፍንት በቅንነት። «ገደል ፊት ይጠበቃል እንጂ።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስንልኝ» አለች ስሜነሽ፤ «ከመካከላችሁ መኪና የሚገዛ እንዳይኖር።»

ከላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ውቢት ነበሩ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ፤ ሦስት እግር ላይ የቆመው ዳማው አብሯቸው ይንቀጠቀጣል።

«እኔ በዕድሜዬ፣» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ፈረሰኛ ወድቆ ፈረሱ ነው ሲል፣ መንገዱ ነው ሲል፣ ኮርቻ ሰፊው ነው ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም! አልወርድም። ግማሽ ሰዓቱንም ተዉት። በይ አንቺ ልጅ፣ ሥሪ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ አያለሁ።»

ብረቱ የሚለቀው ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ሲሆኑ ነው አለች ስሜነሽ። ፈረሰኞቹ ወርደው ድንጋይ ተቀባበሉ፤ ከተንጠለጠለው ጎማ ሥር ካብ ሠሩ። ሽባባው ትልልቁን ድንጋይ ለራሱ መረጠ፤ ማንም አላዘዘውም። ክሪኩ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል፣ ጎማው ካቡን ሲረግጥ፣ የስሜነሽ ረጅም ቁልፍ ቡሎኑን ያዘው። ቡሎኑ እንደ ጠመንጃ ተኮሰና ለቀቀ። ግራው ወደ ጫፏ ቀዳዳ፤ ቀኙም ወደ ጫፏ።

«አሁን ቀስ ብለው» አለችው። «ጎማው ራሱ ይፈልገው መንገዱን።»

ዳማውም ሄደ። አንዱ እግሩ ሲወጣ ሌላው እየወረደ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እንደ በቅሎ እየመረጠ እየረገጠ ወጣ። ሽባባው እጁ ላይ ያለው መሪ ምን ያህል እንደቀለለ ለማንም አልተናገረም።

ችግሩ፣ ብረቱ ሲላላ ውዝዋዜው መመለሱ ነው። እንደ አምናው አይደለም፤ ለስላሳ፣ ታንኳ ላይ እንዳሉ ዓይነት። መቶ እርምጃ እንደሄዱ እትዬ ውቢት መሳቅ አቆሙ። ሁለት መቶ ላይ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሽባባው በጎን ያያቸዋል፤ ቢፈጥን ይንገላታሉ፣ ቢዘገይ ይወዛወዛሉ። ከኋላ ይሄነው አንገቱን አስግጎ ተራ በተራ ያያል፤ አንዴ በሩን፣ አንዴ የሴትዮዋን ጉንጭ።

የፊት ጎማዎቹ ከአጥሩ በር ገቡ። ሽባባው ፍሬን ያዘ። እትዬ ውቢት በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ የአጥሩን እንጨት ጨበጡ፤ አጎነበሱ።

የሆነው ሆነ።

ሀይማኖት ሕፃኑን ታቅፋ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ስሜነሽ ቁልፏን እንደያዘች ቀርታለች። ይሄነው ወርዶ ጎማዎቹን አየ፤ ሁለቱ ውስጥ፣ ሁለቱ ውጭ። ወደ አጥሩ ሄዶ ያንንም አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ… ነገሩ ሲመረመር…»

«ምኑን ነው የምትመረምረው አንተ?» አሉ እትዬ ውቢት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የደም ግፊት ኪኒኔ ነው። በባዶ ሆዴ ስውጠው እንዲህ ያደርገኛል።»

ሽባባው ደነገጠ። ዝም ቢል ምን ነበረበት? «እትዬ ውቢት፣ ግፊት አለብዎት እንዴ?»

እትዬ ውቢት ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ከዛሬ ጀምሮ አለብኝ» አሉ። «ልጁን አምጪልኝ፣ ሀይማኖት።»

ይሄነው ሕዝቡን ለፍርድ አስነሣ፤ ቀድሞም የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ሴትዮዋ በደህና ደርሰዋል» አለ። «ያልደረሰው ኪኒኑ ነው። እሱ ደግሞ ውሉ ውስጥ የለም። ነገ ጠዋት፣ ጥርባ።»